ስለ ጓሳው አሮጌ ቤት የሣር ክዳን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኛችሁ እንዲደርሳችሁ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ ጓሳ ላይ ስላለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ይህ ቤት ለጓሳ ጠባቂ ማደሪያ፣ በረዶ ለያዘው እረኛ መጠለያ፣ ከመሐል ሜዳ ገበያ ሲመለስ ለመሸበት መንገደኛ ማረፊያ ሆኖ የኖረ ነው። ግድግዳው እስካሁን ደኅና ነው። ክዳኑ ግን ከጉልላቱ ሥር ተከፍቷል። ባለፈው ክረምት ውሃው በምሰሶው እየወረደ ማገሩን አበስብሶታል። አንድ ክረምት ከተደገመ ወጋግራው ይወድቃል። ጣሪያ ከሌለ ደግሞ የግንቡ ጭቃ ይታጠባል፤ ድንጋዩም ይናዳል።

አንዳንዶቻችን «ቆርቆሮ ይመታበትና እንገላገል» ብለናል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ቆርቆሮ በሁለት ቀን ያልቃል፤ በየጊዜው ልጠግንህም አይልም። የእኔም ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ከቤቱ ላይ ቆርቆሮ ይነሣ የሚባል ሰው የለም። ነገር ግን ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ነው። ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። እዚያ ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ያልበዋል፣ ጠዋት በተኛው ሰው ላይ ያንጠባጥባል፤ በረዶ ሲወርድማ ሰው ከሰው አይሰማማም። በደንብ የተከደነ ጓሳ ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅም ይውጣል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምክንያትም አለ። ጓሳው እስከ ዛሬ የቆየው ለምንድን ነው? ለሰው ስለሚያስፈልግ ነው። አባቶቻችን ቤት የሚከድኑት፣ ገመድ የሚገምዱት በጓሳ ነበር። ስለዚህም በቄሮ ሥርዓት አባ ቄራ መርጠው፣ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር። ሣሩ ሲደርስ መከፈቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቤት ይነገራል፤ በበጋ ይታጨዳል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን የቄሮ ሥርዓት በአሮጌው የርስት ይዞታ ላይ የቆመ ስለነበር አብሮ ፈረሰ። ያን ጊዜ ሁሉም እንደ ልቡ ገባበት፤ ሣሩም ተጎዳ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በደንብ ይጠበቃል። ቀይ ቀበሮው በሣሩ ውስጥ ያለውን አይጥ እያደነ፣ ጭላዳው ሣር እየነጨ ይኖራሉ። ከዚያ የሚመነጨውንም ውሃ እንጠጣለን።

ታዲያ ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ለጓሳ ሣር አንድም ሥራ ካጡለት ነገ «ለምን ተዘግቶ ይቀመጣል? ይታረስ» ቢሉ ምን እንመልሳለን? ሣሩ መካከል ያለው ቤት ራሱ ቆርቆሮ ከለበሰ፣ የማይፈለግ መሆኑን እኛው መሰከርን ማለት ነው። የማይፈለገውን ነገር ደግሞ ማን ይጠብቀዋል?

ሌላው የእጅ ሙያው ነው። ክዳን ዝም ብሎ ሣር መቆለል አይደለም። ከጠርዙ ተጀምሮ፣ እያንዳንዱ ረድፍ የታችኛውን እየተጫነ፣ በማገሩ ላይ እየታሰረ ወደ ላይ ይወጣል። ሣሩ ከሳሳ ያፈሳል፤ ጣሪያው ከተጋደመ ውሃ ያቁርና ይበሰብሳል። ጉልላቱ ካልጠበቀ የታችኛው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በሠፈራችን በጣት የሚቆጠሩ አዛውንት ናቸው። ለጋ ወጣት ግን አንድም የለም።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ. ሣሩ የሚታጨደው የጥብቅ ሥፍራው አስተዳደር ሲፈቅድ፣ በተፈቀደው ቦታና በተፈቀደው ልክ ብቻ ነው። ለማኅበሩ ሥራ ነው ብሎ አስቀድሞ ማጭድ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

2ኛ. የበሰበሰው ማገርና ወጋግራ ከክዳኑ በፊት ይለወጣል። እንጨቱ ከየግል ባሕር ዛፋችን ይዋጣ እንጂ ከጥብቁ ሥፍራ አንድ ጭራሮ አይነካም።

3ኛ. ሥራው በደቦ ይሆናል። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ። አቅመ ደካሞችና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች አይገደዱም።

4ኛ. ለእያንዳንዱ ከዳኝ አባት ሁለት ወጣት ይመደባል። ወጣቱ ሣር አቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ይሰር፣ ቢሳሳት ይፍታና ደግሞ ይሰር።

5ኛ. ቤቱ ከተከደነ በኋላ እሳት እንዲነድበት ተራ ይወጣል። የሣር ቤት ጭስ ካጣ እርጥበት ይገባዋል። ጥቀርሻው ነው የሚያቆየው። እሳቱ ግን ከምድጃው እንዳይወጣ፣ ነበልባሉም ከፍ እንዳይል ተረኛው ይጠበቅበታል።

ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጉልበትና ሁለት ሳምንት ነው። ክረምቱ ግን አይጠብቀንም። ለሥራው የምትወጡ ሁሉ ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተሰቀለው ደብተር ስማችሁን አስመዝግቡ። የምትቃወሙም ብትኖሩ በጓሮ ከማውራት በሚቀጥለው ስብሰባ መጥታችሁ ተናገሩ፤ እንሰማለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ