ማር ቆራጩና ባለመሬቱ
(በአሶሳ አካባቢ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ምስጋና ነው። «ምስጋና ደግሞ ከመቼ ወዲህ የእርሻ ትምህርት ሆነ?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። እስኪ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ስሙኝና ከዚያ በኋላ ትፈርዳላችሁ።

በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ በግል መሬት ላይ ማደን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ባለመሬቱን ያስፈቅዳል። ጨዋ የሆነ አዳኝ አድኖ ሲመለስም ከገደለው ወፍ ጥንዱን፣ ከአጋዘኑም ሥጋ ጥቂቱን ለባለመሬቱ ያደርሳል። ያልቀናውም እንደ ሆነ አጥር ጠግኖለት ወይም ሌላ ሥራ አግዞት ይሄዳል። ይህ ስጦታ ግብር ወይም ኪራይ አይደለም፤ የጨዋ ሰው ልማድ ነው። በሚመጣው ዓመት በሩን የሚያስከፍትለትም ይኸው ልማድ ነው።

በእኛ አገር ግን ነገሩ በሁለት መንገድ ይለያል። አንደኛው፣ የዱር እንስሳት በመሬቱ ላይ የሚያርሰው ሰው ሀብት አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለዚህ ባለመሬቱ «ግባና ተኩስ» ቢልህ እንኳ፣ አንተም ሰንጋ ብታቀርብለት፣ የእርሱ ቃል ብቻውን ከሕግ አያድንህም። ሁለተኛው፣ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት የግለሰብ ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ እኔ ዛሬ «ባለመሬት» ስል መሬቱን የመጠቀም መብት ያለውን ባለይዞታ ማለቴ መሆኑን ያዙልኝ።

ዳሩ ግን እኛም ጠመንጃ ሳንሸከም በሰው መሬት ላይ በየዓመቱ የምናድነው አንድ ነገር አለ። እርሱም ማር ነው።

በአሶሳ ዙሪያ ያለን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ከሽመል ተፈልጦ የተሠራውን፣ በሣር የተሸፈነውን ቀፎ በትልቅ ዛፍ ላይ እንሰቅላለን። ዛፉ አንዳንድ ጊዜ በራሳችን ማሳ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሌላ ሰው ማሳ ዳር ነው። የራሳችን ቢሆንም እንኳ ንቧ ድንበር አታውቅም፤ የጎረቤትን ኑግ ቀስማ ለእኛ ማር ትሠራለች። እንዲህ ከሆነ ከማሩ ውስጥ የሌላ ሰው መሬት ድርሻ የሌለበት ቀፎ ጥቂት ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት የልማት ሠራተኛ ሳለሁ ለማስተማሪያ የሚሆኑ ጥቂት ዘመናዊ ቀፎዎች ተሰጡኝ። ቦታ ፈልጌ አበባ የሞላበት፣ ውኃ ቅርብ የሆነ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ዳር አገኘሁ። የቀበሌውን ሰዎች ጠየቅሁ፤ እነርሱም «ይሁን» አሉ። ሽማግሌውን ግን አልጠየቅሁም። «ሥራው ለሕዝብ ጥቅም ነው፤ ማን ይከለክላል?» ብዬ በራሴ ተማመንሁ። በኅዳር ማር ቆረጥን፤ ለጎብኚዎች አቀመስን፤ የቀረውን ተከፋፈልን። ከሽማግሌው ቤት ግን አንድ ጣት ማር አልገባም።

በተከታዩ ዓመት አበባው ሳይረግፍ አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ ሳይ ከየቀፎው አፍ ሥር የሞተ ንብ ተከምሮ አገኘሁ። ለካ ሽማግሌው ባለፈው ቀን ረፋዱ ላይ በሰብሉ ላይ ፀረ ተባይ መርጨታቸው ነው። ተቈጥቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁና «አባቴ፣ ከመርጨትዎ በፊት ምነው አንድ ቃል እንኳ ቢነግሩኝ?» አልኋቸው።

እርሳቸውም ሳይቈጡ «ልጄ፣ ማንን ልንገር? እነዚያ ሣጥኖች የማን እንደ ሆኑ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ሽማግሌው ክፋት አልሠሩም፤ በገዛ ማሳቸው ላይ የገዛ ሰብላቸውን ከተባይ አዳኑ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሄድሁበት ሁሉ ይህን ነገር ሳልናገር አላልፍም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልብ በሉ። የቀፏችሁ ዕድሜ በባለመሬቱ እጅ ነው። መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን የሚያውቀው እርሱ ነው። ምንጣሮ ሲያቃጥል እሳቱ ወደ ዛፋችሁ እንዳይሄድ ሊመልስ የሚችለው እርሱ ነው። ሌባ በሌሊት ሲመጣ የውሻውን ጩኸት የሚሰማው እርሱ ነው። ንቡ ሲኮበልል በየት በኩል እንደ ሄደ የሚያየውም እርሱ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ለዚህ ነው።

የባለመሬቱንም ችግር አስቡ። ንብ በተቈጣች ጊዜ የምትነድፈው ቀፎው አጠገብ የታሰረችውን አህያ፣ ወይም ለማረም የወጣችውን የቤቱን እመቤት ነው። ማር ቆራጭ በደረቅ ወራት ችቦ ይዞ ዛፍ ላይ ሲወጣ የሚወድቀው ፍም የሚያቃጥለው የባለመሬቱን ሣርና የማሽላ ክምር ነው። ማሩ የእናንተ፣ ንድፊያውና እሳቱ የእርሱ ከሆነ ፍርዱ የተጓደለ ነው።

ይሁንና ንቧ ለባለመሬቱ የምታመጣው በረከትም አለ። ኑግ በራሱ ዱቄት ፍሬ መያዝ የማይሆንለት ተክል ስለ ሆነ ንብና ሌሎች ነፍሳት ካልጎበኙት ምርቱ ይቀንሳል። ቀፎ በቀረበበት ማሳ ኑጉ ያማረ ፍሬ ይይዛል። ይህን ለባለመሬቱ አስረዱት፤ ነገር ግን «ንቤ ኑግህን ስላፈራችልህ ሌላ ስጦታ አይገባህም» አትበሉት። ንቧ ያደረገችው የንቧ ነው፤ እናንተ የምታደርጉት ገና ይቀራል።

እንግዲህ እንዴት ይደረግ? በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ፈቃድ ከስጦታ ይቀድማል። ቀፎውን ከሰቀሉ በኋላ ማር ይዞ መሄድ ማስፈቀድ ሳይሆን ማባበል ነው። አስቀድማችሁ ሂዱ፤ ዛፉን አሳዩ፤ ስንት ቀፎ እንደምትሰቅሉና መቼ መቼ እንደምትመጡ ተናገሩ። የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱንም ጠይቁ። ባለይዞታዋ ባሏ የሞተባት ሴት ከሆነች እርሷን ጠይቁ እንጂ ወንድሟን ወይም አማቿን አትጠይቁ። ቋንቋችሁ የተለየ እንደ ሆነ የእነርሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቦታው የጎሣ ወይም የጋራ ከሆነ የአገር ሽማግሌዎችንና የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ውልና ስጦታን አትቀላቅሉ። በሸካና በከፋ ደን «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ በዚያም በአንድ የደን ክፍል ላይ ቀፎ የመስቀል መብት የታወቀ ባለቤት አለው። እናንተም ከባለመሬቱ ጋር እኩል ወይም ሲሶ ብላችሁ ከተስማማችሁ ያ ውል ነውና በምስክር ፊት ተነጋገሩ፤ ማሩ በተቈረጠ ጊዜም ሳታጓድሉ ክፈሉ። ስጦታ ግን ከዚያ ሌላ ነው። ልክ የለውም፤ ማንም አይጠይቃችሁም፤ ስለዚህም ይበልጥ ይታወሳል።

ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያውና ከደኅናው ስጡ። ለገበያ ከተሸጠ በኋላ የተረፈውን፣ እጭና ሰፈፍ የተቀላቀለበትን አታቅርቡ። የበሰለውን፣ አፉ በሰም የታሸገውን እንጀራ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ በራሳችሁ እጅ አድርሱ። በልጅ አትላኩ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» እንደሚባለው ስትሰጡም ቃላችሁ የተመረጠ ይሁን፤ «ይህ ከመሬትዎ የተገኘ ነው፤ እናመሰግናለን» በሉ። በቤቱ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ግን ማር እንዳያቀምሱት ንገሯቸው፤ ለሕፃን ይጎዳልና።

አራተኛ፣ የቤቱን ሥርዓት አክብሩ። በእኛ አካባቢ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ወገኖችም፣ ሌሎችም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ጠጅና አረቄም በብዙ ቤት አይገቡም። ሥጋ የማያሻግረውን ድንበር ግን ማር ያሻግራል። በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ቤት ማር ያለ ጥርጥር ይቀመሳል። ስለዚህ ማር ቆራጭ ከአዳኝ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ የያዘውን ስጦታ ሁሉም ቤት ይቀበለዋል።

አምስተኛ፣ ስጦታው አዲስ መብት አያመጣም። ማር ስለ ሰጣችሁ ቅርንጫፍ መቍረጥ፣ ፍየል ማስገባት፣ ሳታስፈቅዱ ሌላ ቀፎ መጨመር፣ ወይም ጓደኛ አምጥታችሁ ማሰቀል አትችሉም። የተፈቀደላችሁ የተፈቀደላችሁ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፣ ከማሩ የሚበልጠው ስጦታ ጥንቃቄ ነው። ቀፎውን ከመንገድና ከከብት መዋያ አርቁ። ስትቈርጡ ችቦውን ትታችሁ በማጨሻ ተጠቀሙ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ሣር አስቀድማችሁ አጽዱ፤ ውኃም አቅርቡ። የምትቈርጡበትን ማታ ለባለመሬቱ ንገሩት፤ ከብቱን ያርቅ፤ ልጆቹንም ያስገባ። እርሱም በበኩሉ ፀረ ተባይ ከመርጨቱ በፊት እንዲነግራችሁ፣ ሰብሉ አበባ ላይ ሳለ እንዳይረጭ፣ ግድ ከሆነበትም ንቧ ቤቷ ከገባች በኋላ ወደ ማታ እንዲረጭ ለምኑት። ተመስግኖ የሚያውቅ ሰው ይህን በደስታ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማር የሌለበት ዓመት ይመጣል። ዝናቡ ይዛባል፤ አበባው ይጠፋል፤ ንቡ ይኮበልላል። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው የባለመሬቱን ደጅ ሳይረግጥ ይቀራል። «ባዶ እጄን ምን ይዤ ልሂድ?» ይላል። ባለመሬቱ ግን ዘንድሮ ማር እንዳልተገኘ በምን ያውቃል? «ቆርጦ ሸሸኝ» ይላል እንጂ። በዚህ ዓይነት ከማር እጦት ቅሬታ ይወለዳል፤ ቅሬታውም እያደር ጠብ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ዓመት ነው።

ስለዚህ በባዶው ዓመት ከሁሉ በፊት ሂዱ። ባለመሬቱን ወደ ቀፎው ወስዳችሁ ከፍታችሁ አሳዩት። «ዘንድሮ አልሆነም፤ ነገር ግን ለሰጡን ቦታ ምስጋናችን ያው ነው» በሉት። ቢቻል አንድ ቀን አርሙለት፤ ወይም ማሽላውን ሲሰበስብ አግዙት። ማር የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይቀራል። ጉልበትና ቃል ግን ዘወትር በእጃችን ናቸው።

ለልማት ሠራተኞች የምናገረው አጭር ነው። የመንግሥት ሥራ ነው ብላችሁ የባለይዞታውን ደጅ አትዝለሉ፤ እኔ ዘልዬ ንብ ጨርሻለሁ። የማሳያ ቀፎም ሆነ የማሳያ እርሻ ስትተክሉ በአካል ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ፍሬው ሲደርስም የመጀመሪያውን ለባለመሬቱ አድርሱ። ወጣቶችን በማኅበር አደራጅታችሁ በጋራ ደን ውስጥ ቀፎ ስታሰቅሉ፣ ማኅበሩ ለመንደሩ ምን እንደሚያደርግ ከመጀመሪያው ቀን አስወስኑ፤ ደኑን ከሰደድ እሳት መጠበቅ ራሱ ታላቅ ምስጋና ነው። ለባለመሬቱ የሚገባውን ማር ግን እናንተ ተቀብላችሁ ወደ ቤታችሁ አትውሰዱ። እናንተ አስታራቂዎችና አስተዋዋቂዎች ናችሁ እንጂ ተካፋዮች አይደላችሁም።

የእኒያን ሽማግሌ ነገር ሳልጨርስ ብቀር አይሆንም። በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እንደ ገናም ቦታውን ለመንኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዛፉ ከወንዙ ማዶ ያለው ይሻላል፤ እዚያ አልረጭም» አሉኝ። በሚቀጥለው ኅዳር የመጀመሪያውን እንጀራ ማር ይዤ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ንቡ ቢቈጣ፣ ጭስ ቢታይ፣ እንግዳ ሰው ከዛፉ ሥር ቢቆም መልእክተኛ የሚልኩብኝ እርሳቸው ሆኑ።

በመጪው ኅዳር ማር ስትቈርጡ ገና ራሳችሁ ሳትቀምሱ የመጀመሪያውን እንጀራ ለይታችሁ አስቀምጡ። ያ የማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

 ፈጣሪ አዝመራችሁን ይባርክ።