ስለ ፈጣኑ የቧንቧ ጕዞ፤ ተስፋና ጥርጣሬ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ የተገኘው ከክርክር ማኅበራችን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት «አየሩ ተመጥጦ በወጣ ቧንቧ ውስጥ ሰው ከአውሮፕላን ፈጥኖ ሊጓዝ ይችላል ወይስ አይችልም?» በሚል ጥያቄ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሾቻችን «ይቻላል» ስንል ግማሾቻችን «ተረት ነው» አልን። ጩኸቱ በበረታ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን «ልጆች፣ የጮኸ አይረታም፤ ያሰላ ይረታል» ብለው ጠመኔውን በእጃችን ሰጡን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ወዲህ ያነበብነውንና ያሰላነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ማንኛውም ተሽከርካሪ ሲፈጥን ሁለት ነገሮች ይታገሉታል፤ አንደኛው ከመንገዱ ጋራ ያለው ፍትጊያ ነው፤ ሁለተኛው ከፊቱ ያለው አየር ነው። ብስክሌት ሲነዳ ነፋስ ደረቱን የገፋው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሠረገላውን በማግኔት ኀይል ወይም በስስ የአየር ንጣፍ ከመንገዱ ከፍ አድርገው፣ በምሰሶ ላይ ወይም በዋሻ ውስጥ በተዘረጋ የታሸገ ቧንቧ አስገብተው፣ አየሩን በፓምፕ ለማውጣት አሰቡ። ኢሎን መስክ በ2013 «ሃይፐርሉፕ» ብሎ ባወጣው ጽሑፍ መሠረት ከሎስ አንጀለስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ 35 ደቂቃ ይበቃል። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 1,220 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቧንቧው ውስጥ የሚቀረው የአየር ግፊትም ከውጭው አንድ ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው።

አሳቡ ግን የቆየ ነው። ስመ ጥሩው የእንግሊዝ መሐንዲስ ብሩኔል በ1847 በደቡብ ዴቮን በአየር ግፊት የሚገፋ ባቡር ለሕዝብ አገልግሎት አሰማርቶ ነበር። በሐዲዶቹ መካከል የተዘረጋው ቧንቧ ከላይ ክፍተት ነበረው፤ ክፍተቱም በቆዳ ክዳን ይዘጋ ነበር። ቆዳው እየተበላሸ አየር ስላስገባ ሥራው አንድ ዓመት ያህል አገልግሎ በ1848 ተተወ። እንዲህ ያለውን ታላቅ ሰው ያሸነፈው ቍራጭ ቆዳ መሆኑ በጣም አስደነቀን።

ከዚህ በኋላ ጠመኔውን የያዙት ተጠራጣሪዎቻችን ነበሩ። መጀመሪያ የመንገደኛውን ቍጥር አሰሉ። በ2013ቱ ጽሑፍ አንድ ሠረገላ 28 ሰው ይዞ በአማካይ በየሁለት ደቂቃው ይነሣል፤ ይህም በሰዓት 840 ሰው መሆኑ ነው። በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የሚመላለሰው ባለ 16 ጋሪ ፈጣን ባቡር ግን በአንድ ጕዞ ብቻ 1,323 መቀመጫ አለው። ቀጥለው የብረቱን ነገር አነሡ። አንድ ኪሎ ሜትር ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር የሆነ ቧንቧ በብርዱና በሙቀቱ ወራት መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢደርስበት 240 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ይህን ሁሉ እየተቀበለ አየር የማያስገባ መጋጠሚያ ያስፈልገዋል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይም የውጭው አየር በ10 ቶን ያህል ክብደት ይጫነዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ተጠራጣሪዎቹ ተቀመጡ፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ተስፈኞቻችን ግን ዝም አላሉም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በ1904 የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ለክፍል ሥራ በጻፈው ድርሰት ከቦስተን እስከ ኒው ዮርክ በ10 ደቂቃ የሚያደርስ የቧንቧ ጕዞ ማሰቡን ነገሩን። ይኸው ሰው ሮኬት በባዶ ሕዋ ሊሄድ እንደሚችል በተናገረ ጊዜ፣ በ1920 ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን አያውቅም ሲል ተሳለቀበት። ጎዳርድ በ1926 ያስወነጨፈው ሮኬት በአየር ላይ የቆየው 2.5 ሰከንድ ብቻ ነው። በ1969 ሰዎች ወደ ጨረቃ ጕዞ በጀመሩ ማግስት ጋዜጣው ስሕተቱን አረመ፤ ጎዳርድ ግን በ1945 ሞቶ ነበር።

ይህ ታሪክ ሁላችንንም አሳሰበን። ሁለቱ ሕልሞች የአንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ጨረቃ ሲደርስ ሌላው ከመቶ ዓመት በኋላም መንገደኛ አላመላለሰም። ስለ ምን? ትንሽ በመጀመሩ ነው እንዳንል የሮኬቱም ጅምር ትንሽ ነበር። በኋላ ቨርጂን ሃይፐርሉፕ የተባለው ኩባንያ በኔቫዳ በረሓ 500 ሜትር ቧንቧ ሠርቶ፣ በኖቬምበር 8 ቀን 2020 ሁለት ሰዎችን በሰዓት 172 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አስኬደ፤ ጕዞው 15 ሰከንድ ያህል ነበር። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ተዘጋ።

መልሱን ያገኘነው እንደገና ስናሰላ ነው። መንገደኛው ሳይንገላታ ሠረገላው በሰዓት 1,220 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እንዲደርስ፣ በየሰከንዱ በአንድ ሜትር በሰከንድ ብቻ እየፈጠነ ቢሄድ 57 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያስፈልገዋል፤ በዚያው አኳኋን ለመቆምም ሌላ 57። በ2016 የተከፈተው፣ የባቡር ዋሻ ሁሉ ቁንጮ የሆነው የስዊስ ጎታርድ ዋሻ ርዝመቱ 57 ኪሎ ሜትር ነው! እንግዲህ በአጭር ቧንቧ ትልቁን ፍጥነት መፈተን አይቻልም፤ ረጅሙን ለመሥራት ደግሞ ያልተፈተነውን አምኖ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ያስፈልጋል። ሮኬት ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚወጣበት መሰላል ነበረው፤ የቧንቧው መሰላል ግን መካከለኛ እርከኖቹ ጎድለውታል።

በአገራችንም የምናውቀው ምሳሌ አለ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ክርክር ለዓመታት ቆሞ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሆኖም በቆመበት ዘመን እንኳ ባቡሩ እስከ ድሬዳዋ ዕቃና ሰው ያመላልስ ነበር፤ ከተማዪቱም በእርሱ ተመሠረተች። በግማሽ መንገድ ቆሞ እንኳ የሚጠቅም ሥራ ዕድሜ ያገኛል።

ስሌቱ ባለቀ ጊዜ፣ ከመካከላችን ለቧንቧው አጥብቆ የተከራከረውና ይህንኑ ለማጥናት ቆርጦ የተነሣው ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ምን ልማር?» ሲል ጠየቀን። ክርክሩ ጨዋታ መሆኑ የቀረው ያን ጊዜ ነው፤ በዚህ ዓመት ሁላችንም ትምህርታችንን የምንመርጥ ነንና። ተጠራጣሪዎቹም ያሸነፉት ደስታቸው ጠፍቶ አብረውት ማሰብ ጀመሩ።

የሰጠነው መልስ ይህ ነው። የጎደሉትን እርከኖች ተማር! በጃፓን በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር በ2015 አየር ባልወጣለት ተራ መንገድ በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ ይህ አንድ እርከን ነው። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2019 ሰው የሌለበት ሠረገላቸውን በቧንቧ ውስጥ በሰዓት 463 ኪሎ ሜትር አስሩጠዋል፤ እነርሱም እንደ እኛ ደብተር የያዙ ናቸው። በኔዘርላንድ በፌንዳም በ2024 ባለ 420 ሜትር መሞከሪያ ተከፍቷል። ብሩኔልን ያሸነፈው ቆዳ ነውና፣ አየር የማያሳልፍ መጋጠሚያ የሚያጠና ሰው ቧንቧው ባይሠራ እንኳ እውቀቱ ለውኃ መስመርና ለፋብሪካ ይጠቅማል።

ክቡራን ሆይ፤ በክርክሩ ማን እንደ ረታ ብትጠይቁን፣ ድምፅ ሳንሰጥ ተነሥተናል። ሳያሰሉ «አይሆንም» ማለት የጋዜጣውን ስሕተት መድገም ነው፤ ሳያሰሉ «ይሆናል» ማለትም የሰውን ገንዘብና የወጣትን ዕድሜ ማባከን ነው። ይህ ትምህርት ቤት ጠመኔውን በእጃችን ስለ ሰጠን እናመሰግነዋለን። የሚቀጥለውን የምሥረታ በዓል ስታከብሩ ያ ጓደኛችን ተመልሶ ከእርከኖቹ አንዱን ቢያሳያችሁ ምኞታችን ነው፤ ተጠራጣሪዎቹም ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስሌቱን ይመረምሩለታል።