ራይት



ደብተራችሁ ሲታረም «ራይት አገኘሁ» ትላላችሁ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። የእኛ «ገና» አንድ ጊዜ የልደት በዓል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «እህሉ ገና ነው» እንደሚባለው ሁሉ፣ የዚህም ቃል ትርጉሙ ብዙ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ራይት ቀጥ ያለ ማለት ነበር። ትክክል የሆነ ነገርም ራይት ተባለ። የበር ማዕዘን ልክ 90 ዲግሪ ሲሆን ራይት ነው። ብዙውን ሰው ለሥራ የሚቀናው ቀኝ እጅም ራይት ነው። እኛስ «በቀኝ ያውላችሁ» ብለን እንመርቅ የለም ወይ?

ከሁሉም የሚበልጠው ትርጉም ግን መብት የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ በአንቀጽ 26፣ መማር የሰው ሁሉ መብት ነው ይላል።

ሲጠሩት ከዚህ የማይለይ፣ ፊደሉ ግን ሌላ የሆነ ቃልም አለ። ትርጉሙ «መጻፍ» ነው። መብትና መጻፍ በእኛም ኑሮ ይገናኛሉ። የመሬት ውል ወይም የብድር ወረቀት ሲቀርብላችሁ አውራ ጣት ለማቅለም አትቸኩሉ። አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ከዚያ በገዛ እጃችሁ ስማችሁን ጻፉ። ሳያነቡ የፈረሙ ዕለት መብት በሰው እጅ ይገባል።