ስለ ኮርያ ቋንቋ የስፍራ አገባቦች

የሰዋስው ሊቃውንት አገባብ የሚሏት «በ» በአማርኛችን «በቢሮ አለ» ስንልም፣ «በቢሮ ይሠራል» ስንልም ታገለግለናለች። ኮርያውያን ግን ይህን ሥራ ለሁለት ከፍለው ከስሙ ኋላ ያስከትሉታል። ለመገኛና ለመድረሻ «ኤ»፣ ተግባር ለሚፈጸምበት ስፍራ «ኤሶ» ይላሉ።

ይህስ ይሁን፤ ጭንቁ ከመምጣት ላይ ነው። «ሶኡል-ኤ ዋሶዮ» ያለ እንግዳ «ወደ ሴኡል መጣሁ» ማለቱ ነው፤ «ሶኡል-ኤሶ ዋሶዮ» ቢል ግን «ከሴኡል መጣሁ» ይሆናል። ያችን «ሶ» ሳይሰማ ያለፈ አስተርጓሚ የእንግዳውን መነሻ መድረሻ አድርጎ በመዝገብ ያሰፍራል፤ የመዝገብ ስሕተት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያደክም እርስዎ ያውቁታል። «ሳልዳ»፣ ማለት «መኖር» የተባለው ግስ ሁለቱንም ስለሚቀበል በእርሱ አይጨነቁ።