በምሽት አጥርቶ ማየትና በደህና መድረስ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይሁን እንጂ ምርቱ ከመጋዘን ወጥቶ ገበያ የሚደርሰው በመኪና መንገድ ነው። በዚያው መንገድ የአባሉ ልጅ፣ አህያውና ጋሪው አብረው ይጓዛሉ። ስለሆነም የዛሬው ርዕስ የምሽት ጉዞ ነው።

የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ገበያተኛው ወደ ቤቱ፣ ከብቱም ወደ በረቱ ይመለሳል፤ ሹፌሩ ግን ገና ጨለማውን አልለመደም።

የፍጥነት ነገር በስሌት ይታያል። አጭር መብራት በግምት 40 ሜትር ያህል ያሳያል። ጥቁር የለበሰ እግረኛ ከዚያም ቀርቦ ነው የሚታየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል። ፍሬኑ ይዞ እስኪቆም በደረቅ አስፋልት እንኳ ሌላ 20 ሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ 45 ሜትር ነው፤ 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙማ ከዚህም ይበልጣል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ባዶ መኪና ከ30 ሜትር በታች ይቆማል። እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው፦ መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ መቆም በሚያስችል ፍጥነት መንዳት።

ከዚህ በተጨማሪ ሹፌሩ የሚከተሉትን ማድረግ ይኖርበታል፦

1ኛ. ከመነሳቱ በፊት የመብራቱንና የፊት መስታወቱን አቧራና ጭቃ መጥረግ፤
2ኛ. መኪና ከፊት ሲመጣ አጭር መብራት ማብራት፣ መብራቱን ትክ ብሎ ከማየት ይልቅ ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ መመልከትና ፍጥነት መቀነስ፤
3ኛ. ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን እንደሚወስደው የዓባይ በረሃ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መብራቱ ቀጥ ብሎ ገደሉን እንጂ ኩርባውን እንደማያሳይ አውቆ መጠንቀቅ፤
4ኛ. መኪና ሲበላሽ ከመንገድ ማውጣት፣ አንጸባራቂ ምልክት ማስቀመጥ። ለምልክት የተደረደረ ድንጋይ ሳይነሳ ከቀረ ለሚቀጥለው መኪና ወጥመድ ነው፤
5ኛ. እንቅልፍ ሲጫነው ቆሞ መተኛት። ጫት የእንቅልፍን ቦታ አይተካም።

እግረኛው ደግሞ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ በግራ በኩል ይሂድ። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ነጩን ነጠላ ከላይ ቢደርብ ከሩቅ ይታያል። ለጋሪ ከኋላው ቀይ አንጸባራቂ መለጠፍ ወጪው ትንሽ ነው።

የዓይን ጤናም ሊዘነጋ አይገባም። በቀን እያየ ሲመሽ የሚደናበር ሰው ዳፍንት ይዞት ይሆናል። ዋናው መንስኤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲሆን፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ እንቁላልና ጉበት ይከላከሉታል። በልጅ ላይ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ችላ ከተባለ ዓይን ያጠፋል። ቫይታሚኑ ያልጎደለው ሰው ግን ካሮት ስለበላ ብቻ ማታ የተሻለ አያይም። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመቱ ከነበረው ሲሶ ያህል ነው። የዓይን ሞራ ካለበት ደግሞ የመብራቱ ነጸብራቅ ይብስበታል። ስለዚህ ሹፌሮች በየጊዜው ዓይናቸውን ይመርመሩ።

በመጨረሻም ጥፋቱን ሁሉ በሹፌሩ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ጭነቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጠናቆ «ዛሬውኑ ይድረስ» ከተባለ፣ በጨለማ እንዲነዳ ያዘዘው ጫኚው ክፍል ነው። የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎች ጭነት በማለዳ እንዲጀመር፣ ያላለቀውም እንዲያድር ቢወስኑ፣ የቀበሌ አመራሮችም ገበያው ቀደም ብሎ እንዲበተን ቢያደርጉ፣ ብዙ አደጋ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

መልካም በዓል!