ወተት በጉንጬ ፐርዱ ሲደርስ



ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ለምትሄዱ የሳይንስ ተማሪዎች ንግግር አድርግ ተብዬ ስጋበዝ፣ ስለ ማሽላ ልናገር ወሰንኩ። የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች ታገሡኝ፤ ነገሩ እናንተም ዘንድ ይደርሳል።

የወሎ ገበሬ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ የሚዘራው አንድ ዓይነት ዘር አለ። ምርቱ አነስተኛ ነው፤ ሲደርቅም ፍሬው ይጨማደዳል። ለጎተራ ብሎ የሚያስብ ሰው አይመርጠውም። ገበሬው ግን እሸቱን ጠብሶ የቀመሰውን ጣዕም ስለማይረሳ አይተወውም። ስሙንም ከዚያው ጣዕም አወጣለት፦ ወተት በጉንጬ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያና በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ግን የኢትዮጵያ ማሽላዎች የሚታወቁት በቁጥር ነበር። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን አክስቴልና ባልደረባቸው ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎች ካሉበት የዓለም ስብስብ ውስጥ ላይሲን የበዛበትን ይፈልጉ ነበር። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሠርቶ የማያገኘው፣ ከምግብ ብቻ የሚቀበለው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ እህል ደግሞ በእሱ ድኻ ነው። ሁለት ናሙናዎች ብቅ አሉ። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ የእነ ወተት በጉንጬ ወገን ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ገበሬው በምላሱ የለየውን ላቦራቶሪው በኬሚስትሪ ለየው።

በዚያው ዓመት ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተመረቀ አንድ ወጣት ነበር፤ ገቢሳ ኤጄታ። በልጅነቱ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤቱ ይደርስ፣ ዓርብ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለስ ነበር። አክስቴል ዘር ለመሰብሰብ ኢትዮጵያ መጥተው ስለነበር ወጣቱ አብሯቸው ማሳ ለማሳ ዞረ፤ ቀጥሎም ፐርዱ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ዶክትሬቱን አገኘ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፦ መጀመሪያ ማሳው፣ ከዚያ አውሮፕላኑ።

እኔ የሄድኩት በተቃራኒው ነው። አማካሪዬ በመጀመሪያው ቀን «ምን ያስጨንቅሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ የውጤት ወረቀቴን አወጣሁ። ፈገግ አሉና መልሰው ሰጡኝ። የጠየቁኝ ስለ ውጤቴ አልነበረም፤ ይህን ለመረዳት ሁለት ሴሚስተር ፈጀብኝ።

ገቢሳን ያስጨነቀው አቀንጭራ የተባለው አረም ነበር። አበባው ያምራል፣ ሥራው ግን የሌባ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ታራግፋለች፤ አፈር ውስጥም ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው፤ ሥሩ ላይ ተጣብቆም ውኃውንና ምግቡን ይመጠዋል። ገበሬው አረሙን ከመሬት በላይ ሲያየው ጉዳቱ ከሥር አልቋል። ስለዚህ መንቀል ብዙም አይረዳም።

ገቢሳ የተማረው ዘር ማዳቀል ነው፤ እዚህ ላይ ግን የኬሚስትሪ ሰው ያስፈልገው ነበር። የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ላሪ በትለር አጋዡ ሆነ። እነሱና ተማሪያቸው አጋር በተባለው እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ውስጥ የማሽላ ቡቃያና የአቀንጭራ ዘር አኖሩ፤ ከሁሉም ርቆ የበቀለው ዘር ከሥሩ ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ለኩ። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ያ ማሽላ ለአረሙ የሚልከው ጥሪ ደካማ ነው ማለት ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ ውድነት የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ። እንዲህ እየለዩ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች ተገኙ፤ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ለኢትዮጵያ ገበሬ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮፌሰር ገቢሳ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች፣ ተራችሁ ደርሷል። ርቀት መለካትና ከልኬት ወደ መደምደሚያ መሄድ የእናንተ ሙያ አይደለም?

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አክስቴልና ባልደረቦቻቸው እንዳረጋገጡት የማሽላ ፕሮቲን በገንፎ መልክ ሲበስል ከሰውነት ጋር መዋሐዱ ይቀንሳል። ሱዳን ውስጥ ግን ሊጡ ቦክቶ በስሱ የሚጋገረው ኪስራ ይህን ችግር ይቀንሰዋል። የሱዳን እናት ይህን ስታደርግ ላይሲን የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም።

እቤቱ የማሽላ እንጀራ የሚጋገርለት ተማሪ ካለ፣ በሻይ ሰዓት ይፈልገኝ። እናቱ እርሾውን ስንት ቀን እንደምታቆየው ልጠይቀው እፈልጋለሁ።