የመጨረሻው ማነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ወረፋ የያዙ ሰዎች ሁልጊዜ ተሰልፈው አይቆሙም። አንዱ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ሌላው በአግዳሚ ወንበር ላይ፥ ሦስተኛው በደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። አዲስ የመጣው «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢቀመጥ ተራው አይጠፋበትም። ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ይህንኑ ሥርዓት በኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት እንደምንሠራው ነው።

በኮምፒዩተር እያንዳንዱ ተረኛ በተገኘው ባዶ ስፍራ ይቀመጣል። ይህን «ቋጠሮ» እንበለው። ቋጠሮው ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛ ጉዳዩን፥ ሁለተኛ ከርሱ ቀጥሎ ያለውን ቋጠሮ አድራሻ። በጤና ጣቢያ ሰው የሚያስታውሰው ከፊቱ ያለውን ነው፤ እዚህ ግን ከኋላው ያለውን ነው፤ የፊተኛው ሲሄድ ተተኪውን ማሳየት አለበትና። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት አለን ኒዌል፥ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለፕሮግራም ሥራ አውለውታል።

ወረፋውን ለመያዝ ሁለት ጠቋሚዎች ይበቁናል፤ «ራስ» የፊተኛውን፥ «ጅራት» የኋለኛውን ያመለክታሉ። አዲስ ሲገባ ጅራት ባዶ ከሆነ ሁለቱም እርሱን ያመልክቱ። ባዶ ካልሆነ ግን የቀድሞው ኋለኛ የአዲሱን አድራሻ ይያዝ፥ ቀጥሎም ጅራት ወደ አዲሱ ይዙር። ሲወጣ የፊተኛውን ጉዳይ ተቀብለን ራስን ወደ ተከታዩ እናዞራለን። ወረፋው 10 ቢሆን 10,000 ድካሙ አንድ ነው። ጅራት ባይኖር ግን አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ከራስ ጀምረን ሁሉንም ማለፍ በተገባን ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ለጋራ ማተሚያ መሣሪያችን የወረፋ ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ማታ 10 ወረቀት በአንድ ጊዜ አስገብቼ በየተራቸው ሲወጡ አይቼ ተደስቼ ተኛሁ። በማግስቱ ግን ወረፋው አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ በኋላ የተላከው ሁሉ ጠፋ። አንዲት ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፏን ልካ እስከ ምሽት ጠበቀች። መሣሪያው «ተቀብያለሁ» አላት እንጂ አላተመላትም፤ የማስረከቢያ ሰዓቷም አለፈ።

ምክንያቱ ይህ ነበር፤ የመጨረሻው ቋጠሮ ሲወጣ ራስ ባዶ ሆነ፥ ጅራት ግን የሄደውን እያመለከተ ቀረ። አዲስ የመጣው ሁሉ ከሄደ ሰው ኋላ ይሰለፍ ነበር። የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ «ራስ ባዶ ከሆነ ጅራትም ባዶ ይሁን»።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ወረፋ ስትሠሩ አንድ አስገቡ፥ እርሱን አውጡ፥ እንደገና አንድ አስገቡና ያ ሁለተኛው መውጣቱን እዩ። ይህ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያን ደቂቃ ስለ ነፈግሁ ዋጋውን የከፈለችው ሌላ ሰው ናት።